የበጋ የፍራፍሬ ሰላጣ፦ ስኳር ሳይነካው፣ ውሃ ሳይሞላው

የፍራፍሬ ሰላጣ ለመሥራት ሙያ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ቆራርጦ መቀላቀል ነው። ግን በየድግሱና በየሆቴሉ ቡፌ የሚቀርበውን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሙዙ ጠቁሯል፣ ፓፓያው ላሽቋል፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ጣፋጭ ውሃ ተጠራቅሟል። ፍራፍሬው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ሁሉም በአንድ ላይ ተከትፎ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ እስከ ምሳ ስለቆየ ነው። ስኳር የነካው ፍሬ ውሃውን ይለቃል፤ ውሃውን የለቀቀ ፍሬ ደግሞ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ በዚህ አሠራር ስኳር የሚባል ነገር የለም። ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከብስለቱ ነው፤ ለዚህም ነው ስለ ገበያው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ወቅቱ የተመቸ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ይከርራል፣ ቀን ቀን ትኩስ ምግብ ያስጠላል፤ ዐቢይ ጾምም በዚሁ ወራት ነው። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም አብሮት እየገባ ነው፦ በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የካቲት 17 ሲያዝ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ጀምሯል። ወተትም እርጎም የሌለበት የፍራፍሬ ሰላጣ ለዘጠኝ ሰዓት ፈቺውም ለአፍጥር ማዕዱም ይሆናል። አንዱ ጎረቤት ለሌላው ሳህን ሸፍኖ ሊልከው የሚችል ነገር ነው።

ለስድስት ሰው የሚበቃ

ፓፓያ፦ አንድ መካከለኛ፣ ኪሎ ገደማ
ማንጎ፦ ሁለት ትልልቅ፤ ትንሹ የአገር ቤቱ ዓይነት ከሆነ አራት
አናናስ፦ ግማሽ
ብርቱካን፦ ሁለት፤ ከተወደደባችሁ መንደሪን
ሙዝ፦ ሦስት
ሎሚ፦ ሦስት
ዝንጅብል፦ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል
ናና፦ ከተገኘ፣ ጥቂት ቅጠል
ጨው፦ አንድ ቁንጥር
ማር፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ፤ ሎሚው በጣም ከኮመጠጠ ብቻ

ከአምስት ዓይነት በላይ አትጨምሩ። ሰባት ስምንት ዓይነት ፍሬ የገባበት ሰላጣ ዓይን ይሞላል እንጂ ሲበሉት የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ከእነዚህ መካከል ፓፓያው ብዛቱን ይሰጣል፣ ማንጎው ጣፋጭነቱን፣ አናናሱና ብርቱካኑ ኮምጠጥ ያለውን ጣዕም፣ ሙዙ ደግሞ ልስላሴውን። አንዱ ቢጠፋ በሚመስለው ተኩት፤ አናናስ ከሌለ ብርቱካን ጨምሩ፣ ማንጎ ካልደረሰ ሙዝ ጨምሩ። ሎሚ ከሌለ ግን ሌላ ቀን ሥሩት።

1. ገበያው

የአዲስ አበባ ፍራፍሬ ብዙ እጅ አልፎ ነው ቤት የሚደርሰው። ከገበሬው ወደ ጭነት መኪና፣ ከመኪናው ወደ ጅምላው ገበያ ይሄዳል። ድሮ ፒያሳ አትክልት ተራ የነበረው ጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ከዚያ በየሰፈሩ ላለው አትክልት ቤት ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ መጫንና ማራገፍ ፍሬው ይመታል። የተመታው ቦታ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ በሁለተኛው ቀን ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሰፈራችሁ አትክልት ቤት ጭነት የሚገባለት በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቁና በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ግዙ። ባለሱቁን «ለዛሬ የሚሆን» ወይም «ለነገ የሚሆን» ብትሉት ከእናንተ በተሻለ ይመርጥላችኋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነካካው የሚውለው እሱ ነው።

ፓፓያ ሲገዛ ከላዩ አብዛኛው ቢጫ የሆነውን ምረጡ። እንጨቱ ጋ፣ ማለትም ከዛፉ ተይዞ በነበረበት ጫፍ፣ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ትንሽ መመለስ አለበት። ጣት የሚያስገባ ከሆነ አልፎበታል፤ ለጁስ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። ላዩ ላይ ደርቆ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ የራሱ ወተት ነውና አያስፈራችሁ። አረንጓዴው ከበዛ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከፍሪጅ ውጪ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት።

ማንጎ ላይ ቀለም ያሳስታል። ቀይ ጉንጭ ያለው ሁሉ የበሰለ አይደለም፤ ፀሐይ ያገኘው ጎን ነው የሚቀላው። ኬንትና ኬይት የሚባሉት ዓይነቶች ደግሞ በስለውም አረንጓዴ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ አሽትቱት፦ እንጨቱ ጋ የማንጎ ሽታ ካለው ደርሷል፤ ምንም የማይሸት ከሆነ ጥሬ ነው፤ የጠላ ዓይነት ሽታ ካመጣ መቦካት ጀምሯል። ትንሹና ክር የሚበዛበት የአገር ቤት ማንጎ ሲከተፍ አያምርም፣ ጥርስ ውስጥም ይገባል፤ መዓዛው ግን ከትልልቁ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱንም ካገኛችሁ ትልቁን ክተፉት፣ ትንሹን ጨምቃችሁ ከሎሚው ጋር አዋህዱት።

አናናስ ከማሳ ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ቀለሙ ሊለወጥ፣ ሊለሰልስ ይችላል፤ ጣፋጭነቱ ግን በተቆረጠበት ቀን የነበረው ነው። ስለዚህ «ቤት ይበስላል» ተብላችሁ ጥሬውን አትግዙ። ቂጡን አሽትቱ፤ መሽተት ያለበት እዚያ ነው። ወደ ሐዋሳና ዲላ የተጓዘ ሰው ከመንገድ ዳር የሚገዛውን አናናስ ጣዕም ያውቀዋል። ከተማ ገብቶ የሰነበተውን ከዚያ ጋር እያነጻጸራችሁ አትዘኑ፤ ሎሚና ጨው ያስተካክሉታል።

ብርቱካን በእጅ ሲያነሡት ከመጠኑ በላይ ከከበደ ውሃ አለው። ሞቃት ቦታ የበቀለ ብርቱካን ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ የበሰለ ሊሆን ይችላልና በቀለሙ አትፍረዱበት። ሎሚውም እንዲሁ ነው፦ ልጣጩ ለስላሳና ስስ፣ በትንሹ ወደ ቢጫ ያደላው ብዙ ይጨመቃል፤ ጠጣሩና ሻካራው ልጣጭ ብቻ ነው።

ሙዙ በአመዛኙ የሚመጣው ከአርባ ምንጭ ነው፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አካባቢ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ። የሚጫነው ጥሬውን ነው፣ የሚበስለው ከተማ ውስጥ በተዘጋ ክፍል ነው። አንዳንድ ነጋዴ ለማፋጠን የላምባ ምድጃ ጭስ ይጠቀማል። እንዲህ የበሰለው ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ድድር ሊል፣ አንዳንዴም ላምባ ላምባ ሊሸት ይችላል። አንዱን ልጣችሁ ቅመሱና ግዙ። ለሰላጣ የሚሆነው እኩል ቢጫ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ገና ትንሽ አረንጓዴ የቀረው ነው። ነጠብጣብ የሞላው ሙዝ ለመብላት ይጣፍጣል፤ ሰላጣ ውስጥ ግን ይፈርሳል።

ማንጎው ወይም ፓፓያው አልደረሰም እንበል፣ እንግዳ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት አስገብታችሁ አፉን አጥፉት። ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አጠገቡ ያለውንም ፍሬ ያበስላል። በፌስታል አታድርጉት፤ እርጥበቱን አፍኖ ይዞ ያሻግተዋል። ለአናናስና ለብርቱካን ይህ አይሠራም።

2. ማጠብና ማቀዝቀዝ

የሚላጥ ፍሬም ይታጠባል። ቢላዋው ልጣጩን ሰንጥቆ ሲገባ ላዩ ላይ ያለውን አፈርና ጀርም ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አናናስና ሐብሐብ ላይ ይህ በተለይ ይጎዳል። በሚፈስ ውሃ፣ በእጅ ወይም በንጹህ ብሩሽ እያሻችሁ እጠቡ። ሳሙና አያስፈልግም። ሳይላጥ የሚበላ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ እንጆሪ ወይም ናና፣ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በውሃ ማከሚያ በታከመ ውሃ አድርጉ፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ካጠባችሁ በኋላ በንጹህ ጨርቅ አድርቁ። እርጥብ ፍሬ ከእጅ ያዳልጣል፤ ውሃውም ሰላጣው ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ሳይከተፍ፣ እንዳለ፣ ከማታው ፍሪጅ አስገቡት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፦ ሞቅ ያለ ፍሬ ከትፎ፣ ቀላቅሎ፣ ከዚያ እንዲቀዘቅዝ ፍሪጅ ያስገባል። ሳህን ሙሉ ክትፍ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ፍሬው ውሃውን ሲለቅ ይቆያል። እንዳለ የቀዘቀዘ ፍሬ ግን ተከትፎ ወዲያው ይቀርባል። ጎድጓዳ ሳህኑንም አብራችሁ አስገቡት። ከዚህ ሁሉ የማይገባው ሙዝ ብቻ ነው፤ ሙዝ ብርድ አይወድም፣ ልጣጩ ይጠቁራል። ማንጎና ፓፓያም ከበሰሉ በኋላ ነው የሚገቡት፤ ጥሬውን ካስገባችሁት መብሰሉን ያቆማል።

መብራት ከጠፋ ወይም ፍሪጅ ከሌለ ፍሬውን በእርጥብ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ውስጥ፣ ትሪ ላይ አስቀምጡ፤ ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና ውሃ አርከፍክፉበት። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው፦ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንደ ፍሪጅ ባይሆንም የቀኑን ትኩሳት ያወርድለታል። በረዶ አትጨምሩ። በረዶ ሲቀልጥ ውሃ ነው፤ ከምን ውሃ እንደተሠራም አይታወቅም።

3. ቢላዋና መክተፊያ

የኛ ቤት መክተፊያ ሽንኩርት የኖረበት ነው። ስንት ጊዜ ቢታጠብ ፓፓያው ላይ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይወጣበታል፤ ፓፓያ ደግሞ ሽታ ይስባል። ለፍራፍሬ ብቻ የሚሆን ትንሽ መክተፊያ ያዙ፤ ከሌለ ትልቅ ጠፍጣፋ ሳህን ገልብጣችሁ ተጠቀሙ። ቢላዋውን ሳሉት። የደነዘ ቢላዋ የበሰለ ማንጎን አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ ጭማቂው ወዲያው ይወርዳል።

4. የሎሚው ውሃ

ከመክተፋችሁ በፊት ይህን አዘጋጁ፤ ፍሬው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ሎሚዎቹን በመዳፋችሁ ጫን እያላችሁ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሏቸው፤ ጭማቂው ይላቀቃል። ሁለቱን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ በወንፊት ጨምቁ፤ ፍሬዋ ካለፈች ሰላጣውን ታመራለች። ዝንጅብሉን ልጣችሁ በደቃቁ ፍቁ፣ ከዚያ በጣታችሁ መካከል ጨምቃችሁ ውሃውን ብቻ ጨምሩ፤ ጭረቱ ጥርስ ውስጥ ይገባልና ጣሉት። የአገር ቤት ማንጎ ካላችሁ እዚሁ ጨምቁት። ቁንጥር ጨው አስገብታችሁ አማስሉ።

ጨው ሲባል የሚያፈገፍግ ይኖራል። ሰላጣውን ጨዋማ እስኪያደርግ አይደለም፤ ጨው በትንሹ ሲገባ መራራውን ጣዕም ያደበዝዛል፣ ጣፋጩ ወደ ፊት ይወጣል። ስኳር ሊሠራ የታሰበውን ሥራ ጨውና ሎሚ ይሠሩታል።

ሦስተኛውን ሎሚ አቆዩት። ለሙዙ ነው።

5. አከታተፉና ተራው

ተራው ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ነው፦ አናናስ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ በመጨረሻ ሙዝ። ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ ማንኪያ ሁለት ሦስት የሚያነሡት መጠን ይኑራቸው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ። አድቅቆ መክተፍ ሙያ ይመስላል፣ ግን ትንሽ ቁራጭ ቶሎ ይፈርሳል።

አናናሱን ላዩንና ታቹን ቆርጣችሁ አቁሙት። ልጣጩን ከላይ ወደ ታች አውርዱ። ቡናማዎቹ ዓይኖች ሲቀሩ ልብ ብላችሁ እዩአቸው፤ በሰያፍ ተሰልፈዋል። በየሰልፉ ግራና ቀኝ ቢላዋውን አጋድማችሁ ቦይ ብታወጡ ዓይኖቹ ብቻ ይወጣሉ፣ ሥጋው ይተርፋል። ከመሐሉ ያለውን ጠንካራ ግንድ አውጡት፤ ሻይ ማፍያ ውስጥ ከዝንጅብል ጋር ቢገባ ጥሩ ነው። አናናስ ምላሳችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ብሮሜሊን የሚባል ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለው ነው። ቁራጮቹን ቀለል ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ ማውጣት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መላ ነው፤ ካወጣችሁ በኋላ በደንብ አጠንፍፉት።

ብርቱካኑን በእጅ አትላጡት። ላይና ታቹን ቆርጣችሁ ልጣጩን ከነነጩ ሽፋን በቢላዋ አውርዱ፤ መራራው ያ ነጩ ነው። ከዚያ በሳህኑ ላይ ይዛችሁ በየክፋዩ መካከል ባለው ስስ ሽፋን ግራና ቀኝ ቢላዋውን አስገቡ፣ ክፋዩ ራቁቱን ይወድቃል። የቀረውን አጽም ሳህኑ ላይ ጨምቁት። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለቤት ሰው ከሆነ ከላጣችሁ በኋላ አግድም ቆራርጣችሁ ፍሬውን መልቀም ይበቃል። ለእንግዳ ከሆነ ግን ድካሙን አትዝለሉት።

ማንጎው ውስጥ ያለው ፍሬ ጠፍጣፋ ነው። ማንጎውን በጠባቡ ጎኑ አቁማችሁ ከመሐሉ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ግራና ቀኙን አውርዱ። ሁለቱ ጉንጮች ሲወጡ ሥጋቸው ላይ ልጣጩን ሳትበሱ በቁመትና በአግድም ስንጥቅ አውጡ፣ ከዚያ ልጣጩን ከጀርባ ወደ ላይ ገፍታችሁ ገልብጡት፣ ቁራጮቹንም በማንኪያ አንሡ። ፍሬው ላይ የቀረውን የሚግጥ ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። ከእንጨቱ ጋ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ አስቀድማችሁ እጠቡት።

ፓፓያውን በቁመቱ ለሁለት ክፈሉ፣ ጥቁሩን ፍሬ በማንኪያ ዛቁ፤ ፍሬው ቁንዶ በርበሬ በርበሬ ይላልና አንድም እንዳይቀር። ስትልጡ ጠለቅ አድርጉ። ከልጣጩ ሥር ያለችው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከቀረች ሰላጣውን ታመራለች። ፓፓያ የማይወድ ሰው ብዙ ጊዜ የቀመሰው በቀላሉ የተላጠ ወይም ሎሚ ያልነካው ፓፓያ ነው።

እያንዳንዱን ከከተፋችሁ በኋላ የሎሚው ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ጨምሩና በእጅ ወይም በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ አንዴ ብቻ ገልብጡ። እስካሁን የሠራችሁት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ችግር የለውም።

ሙዝ የሚከተፈው ሰው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሥጋው ሲቆረጥ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየር ጋር ተገናኝቶ ያጠቁረዋል፤ አሲድ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። የቀረችውን ሎሚ ትንሽ ሳህን ላይ ጨምቁ፣ ሙዙን ወፈር አድርጋችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ እዚያው ቆራርጡ፣ ሁሉም ጎኑ ሎሚ ሲነካው ወደ ትልቁ ሳህን ገልብጡ። ናናውን በእጃችሁ ቀደድ ቀደድ አድርጋችሁ ጣል አድርጉበት። ቅመሱ። ሎሚው ካየለ ያን ጊዜ ማሩን ጨምሩ።

እንግዶቹ 7 ሰዓት ለምሳ ቢመጡ፣ ከማታው ፍሬውን አጥባችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መክተፍ ጀምሩ፣ ከምሳው በኋላ ሙዙን ጨምራችሁ አቅርቡ። ሰላጣው ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ባለ ሙቀት አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ስለ አቮካዶ፣ ስለ እርጎና ስለ ቪምቶ

አቮካዶ ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀል ሁሉንም ይለብጣቸዋል፤ ሰላጣው አረንጓዴ ጭቃ ይመስላል። ከወደዳችሁት ለየብቻ ሸንሽናችሁ፣ ሎሚ ቀብታችሁ ከላይ ደርድሩት። እርጎ የሚጨምር ሰው አናናሱን ያውጣ፤ ያው ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ስለሚያፈርሰው ጥቂት ሲቆይ ይመራል። ከእርጎ ጋር የሚስማማው ማንጎና ሙዝ ነው።

በየጁስ ቤቱ ስፕሪስና የፍራፍሬ ክትፍ ላይ የሚንቆረቆረው ቪምቶ በ1908 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ውስጥ ከወይንና ከቤሪ ፍሬዎች የተሠራ መጠጥ ነው፤ በዓረቡ ዓለም የረመዳን መጠጥ ሆኗል፣ እኛም ጋ ከጁሱ ጋር ተላምዷል። ለጥሬ አቮካዶ ጁስ ያስኬዳል። እዚህ ሰላጣ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ሁሉንም ፍሬ አንድ ጣዕምና አንድ ቀለም ያደርገዋል፣ የሸሸነውንም ስኳር መልሶ ያመጣል።

ሌሎች ፍሬዎች

ሐብሐብ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀል። ውሃው ብዙ ነው፤ ሁሉንም ያጥለቀልቃል። ለብቻው ግን ከሁሉ የቀለለ የሙቀት ቀን ሰላጣ እሱ ነው፦ ቆራርጡት፣ ፍሬውን ልቀሙ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ናና፣ አለቀ። ደፋር ከሆናችሁ ሚጥሚጣ በጣት ጫፍ። ስትገዙ መሬት ላይ የተኛበት ጎኑ ነጭ ሳይሆን ቢጫ የሆነውን ምረጡ፤ ተከፍቶ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ የዋለውን እለፉት።

ዘይቱን (ጓቫ) የመሐል ፍሬው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ለሁለት ከፍላችሁ መሐሉን ዛቁና ግድግዳውን ብቻ ሸንሽኑ፤ የዛቃችሁትን በወንፊት አጥልላችሁ ሎሚው ውስጥ ጨምሩት። ፓሽን ፍሩት ካገኛችሁ ደግሞ ከሎሚው አንዷን ቀንሱና የሁለት ፍሬ ውስጡን ከነፍሬው ገልብጡበት። ግሽጣ የሚጨምር ሰው ፍሬውን አንድ በአንድ ያውጣ፤ የግሽጣ ፍሬ ሲደቅ መርዛማ ነው፣ በተለይ መፍጫ ውስጥ እንዳይገባ። ወይን ለትናንሽ ልጆች ሲሰጥ በቁመቱ ለሁለት፣ ለአራትም ይከፈል፤ ድቡልቡሉ ጉሮሮ ይዘጋል።

ለጾም ቀን ጠገብ የሚያደርግ ነገር ከፈለጋችሁ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ ልክ ሲቀርብ ነስንሱበት። ቀድሞ ከገባ ይለሰልሳል። በየቤቱ ስኳር ያለበት ሰው አይጠፋምና ለእሱ ሙዝና ማንጎውን ቀንሳችሁ ፓፓያና ብርቱካኑን አብዙለት፣ ማሩንም ተዉት፤ መጠኑን ግን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ውጭ ላላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ የእናንተ ሙቀት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፣ ገበያውም ሌላ ነው። ሱፐርማርኬት ያለው ትልቁ ቀያይ ማንጎ ብዙ ጊዜ ክር ነው፤ ትንሹን ቢጫ፣ አታውልፎ የሚባለውን ፈልጉ። ለሎሚው ትልቁን ቢጫ ሳይሆን «ላይም» (lime) የሚባለውን ትንሹን አረንጓዴ ግዙ፤ አገር ቤት የለመዳችሁት ጣዕም ወደዚያ ይቀርባል። ወቅቱ የእንጆሪና የኮክ ስለሆነ ፓፓያ በውድ ከመግዛት ኮክ ተጠቀሙ፣ አሠራሩ አይለወጥም። እስራኤል ያላችሁ ሐብሐብን ከጨዋማ ነጭ አይብ ጋር ሲበሉት አይታችሁ ይሆናል፤ ጾም ካልሆነ እኔም የምመክረው ነው።

የተረፈው

ሙዝ የገባበት ሰላጣ ለነገ አይቀመጥም። ሙዙን ለቅማችሁ ብሉትና ሌላውን ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ አስገቡ፤ እስከ ማግስቱ ይቆያል፣ ጥንካሬው ግን አይመለስም። ያን ጊዜ ጁስ አድርጉት፣ ወይም በትናንሽ ኩባያ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣው ውስጥ አርጉት፤ ልጆች በእንጨት ይልሱታል።

ሳህኑ ሥር የቀረውን የሎሚና የማንጎ ውሃ አትድፉት። ብርጭቆ ላይ እኩሌታውን ሞልታችሁ፣ በቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ሙሉት። አምቦውን ቀስ ብላችሁ በብርጭቆው ጎን አውርዱት፤ በአንዴ ከተገለበጠ ይገነፍላል።